በእግሬ የለካሁት ሜዳ

የማርታ እናት፣

ከተለየሽኝ አራት ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ደህና ነሽ ወይ ብዬ አልጠይቅሽም፤ ደህና መሆንሽን አምናለሁ። ለሞተ ሰው ደብዳቤ መጻፍ ለሟቹ የሚጨምርለት ነገር እንደሌለም አውቃለሁ። ጸሎት ቤት ባወራው ሽማግሌዎቹ ይገሥጹኝ ነበር። ቢሆንም በአፌ ማለት ያቃተኝን ነገር ከወረቀት ሌላ የማወጣበት የለኝም። አንቺም እስክጨርስ ሳታቋርጪኝ የምትሰሚኝ ዛሬ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። የስፌት መኪናሽ መስኮቱ ሥር እንዳለ ነው። የሚሰፋበት ባይኖርም በየወሩ ዘይት አጠጣዋለሁ። እንሰትሽ አጥሩን አልፎ ከጎረቤት ጣሪያ ጋር ተስተካክሏል። የቆርቆሮው በር ዝጓል፤ ቁልፉ ግን ይሠራል። ቁልፉ እስከ ዛሬ ጠዋት አንገቴ ላይ ነበር። ገመዱ ቆዳዬ ላይ መስመር አውጥቷል፤ ስታጠብ እንኳ አይለቅም። ማርታ ሃያ ስድስት ዓመት ሞላት።

ሜዳውም አለ። እኔና አንቺን ያኮራረፈን እሱ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

ስሠራው ያልሽኝን ታስታውሺያለሽ? በልግ ነበር። ዝናቡ የግንብ ሥራውን አስቁሞብኝ ቤት ተቀምጫለሁ። የፈረሰ የካምፕ መጋዘን ፍርስራሽ ሳነሳ ሁለት ራኬትና አንዲት ቀጭን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አግኝቼ ነበር፤ የሚፈልጋቸው ሰው ስለጠፋ ወደ ቤት አመጣኋቸው። መጽሐፏን በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ጨረስኳት። የቴኒስ ሕግ ነበረች። የትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጠ ሰው አንድ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ሲገባው ምን እንደሚሆን አልነግርሽም፤ አይተሽኛል። ግቢውን ለሁለት ከፍዬ ሜዳ እሠራለሁ አልኩሽ። «ጎመኔንስ?» አልሽ። ጎመንሽ ተነቀለ።

መጽሐፏ የሜዳው ርዝመት ሰባ ስምንት «ፉት» ነው ትላለች። መዝገበ ቃላቱን ገለጥኩ፤ እግር ይላል። እግር ካለ እግር ነው። ጫማዬን አውልቄ፣ ተረከዜን ከጣቴ እያገናኘሁ ሰባ ስምንት እግር ለካሁ። አንቺ በወዲያ በኩል ገመዱን ይዘሽልኝ ነበር። ወርዱንም እንዲሁ። የእግሬን ልክ እንጨት ላይ ወስጄ የመረቡን ቁመት እንኳ በዚያው ለካሁ። አሸዋውን ከወንዛችን ከነሪ አስመጥቼ፣ ሲሚንቶውን በገዛ እጄ አቡክቼ አፈሰስኩት። እስከ ዛሬ አንድ ስንጥቅ የለውም።

ጎረቤቶቻችን ወለል ተሠርቶ ግድግዳ ሲቀር እያዩ «ጋሼ፣ ቤቱን መቼ ነው የሚያቆሙት?» ይሉኝ ነበር። በቡና ወቅት ማስጫ እንዲሆናቸው ለመኑኝ፤ አልፈቀድኩም። አንቺ ግን ሥራ ስሄድ ታሰጪላቸው ኖሯል። ስመለስ መረቡ ሥር የቡና ፍሬ አገኝ ነበር። ዝም አልኩ። ዝም ያልኩልሽ ነገርም እንዳለ እንድታውቂው ነው።

ማርታ በስድስት ዓመቷ ራኬቱን በሁለት እጇ ጨብጣ ጀመረች። በበሩ በኩል ከመስመሩ ኋላ የቀረው ቦታ ሁለት አጭር እርምጃ ብቻ ስለነበር፣ ወደ ኋላ ባለች ቁጥር ጀርባዋ ከቆርቆሮው ይጋጫል። አንቺ ከመኪናሽ ቀና ሳትይ «ማነው ያንኳኳው?» ትይ ነበር። ልጅቷ ትስቃለች። እኔ ጨዋታ አትረብሹ እላለሁ።

በአሥራ አምስት ዓመቷ አዋሳ ለውድድር ሄዳ በመጀመሪያው ጨዋታ ተሸንፋ መጣች። ኳሷ ያጥራል፣ መረብ ላይ ይቀራል ተባለ። እኔም «የአዋሳው ሜዳ ነው ከልክ ያለፈ። ሲሠሩት መጽሐፍ አላዩም» አልኩ። እሷ አቀርቅራ ምሳዋን በላች። አንቺ የልብስ ሜትርሽን ከአንገትሽ አውልቀሽ በጣትሽ ጠቀለልሽው። ያን ጊዜ ምንም አልገባኝም።

ከዚያ በኋላ በየክረምቱ አዋሳ ከቡድን ጋር እየሠራች እጇን አስተካከለች። እኔ የሥልጠናዬ ውጤት ነው እያልኩ ለሰው አወራሁ። ኮሮና በመጣበት ዓመት ደግሞ ያ ደብዳቤ ደረሰን። አዲስ አበባ ላይ፣ በሃርድ ኮርት፣ እንደ እኛው ባለ ጠንካራ ሜዳ፣ ከውጭ አገር ሳይቀር ባለሙያ ተጫዋቾች የሚመጡበት ውድድር ይደረጋል፤ ማርታም በማጣሪያው ትጫወታለች ይላል። ቆሜ ነው ያነበብኩት። አንቺ ነጭ ቀሚስ ሰፋሽላት፤ ወገቡን ሁለት ጊዜ ፈትተሽ ሰፋሽው። ልትሄድ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀራት ሌላ ደብዳቤ መጣ። በወረርሽኙ ምክንያት ውድድሩ ላልተወሰነ ጊዜ ተራዝሟል።

ማርታ አለቀሰች። እኔ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበብኩና «ተራዝሟል እንጂ ተሰርዟል አይልም» አልኳት። ግድግዳው ላይ በምስማር መታሁት።

ከዚያ አገሩ ተዘጋ። እኔ ደግሞ ከአገሩ አስበልጬ ዘጋሁ። በሩን ቆልፌ ቁልፉን በገመድ አንገቴ ላይ አሰርኩት፤ ልጅቷ ለውድድሩ ጤነኛ ሆና መቆየት አለባት አልኩ። ማስክ የሚያሰፉ ሰዎች ጨርቁን በአጥሩ ላይ ይወረውሩልሽ ነበር፤ አንቺም ሰፍተሽ በአጥሩ ታቀብያቸው ነበር። ሦስታችን በአንድ ግቢ ተያየን። ከመስመሩ እስከ አጥሩ፣ ከአጥሩ እስከ መስመሩ። ከሰዓት በኋላ እግርሽን ለማፍታታት የሜዳውን ዙሪያ ትሄጂ ነበር። እየቆጠርሽ። «ዛሬ ዳገቱን ጀመርኩ» ትይኛለሽ። በሳምንቱ «ዛሬ ብርዱ ተቀበለኝ»። ወደ እህትሽ፣ ወደ ገዘር በሐሳብ እየሄድሽ እንደነበር አውቅ ነበር። አውቄ መረቡን አጠብቅ ነበር።

አንድ ቀን ግድግዳው ላይ ያለውን ደብዳቤ ቆመሽ አየሽና «አንተ ሰውዬ፣ የሚራዘም ነገር ከፈለግህ ሜዳህን አራዝመው» አልሽኝ። ቀልድ መሰለኝ። «እግርህን ስጠኝ» አልሽ። እንደ ደንበኛ አስቀመጥሽኝ፤ ሜትርሽን ከተረከዜ እስከ አውራ ጣቴ ዘረጋሽው። «ሃያ ሰባት ሳንቲም። ፉት የሚሉት ሠላሳ ከግማሽ ነው፤ አሥራ ሁለት ኢንች፣ ይኸው ከሜትሬ ጀርባ ተጽፎልሃል። ሜዳህ ሁለት ሜትር ከሰባ ያጥራል።» ማርታ ከአዋሳ አልቅሳ በመጣች ማግስት ለክተሽው ኖሯል። ስድስት ዓመት በሆድሽ ይዘሽዋል።

«መጽሐፉ እግር ነው ያለው» ብዬሽ ተነስቼ ወጣሁ። ወጣሁ ስልሽ የት እሄዳለሁ? በሩ ድረስ ሄጄ፣ ቁልፉን በእጄ ይዤ ትንሽ ቆሜ ተመለስኩ።

ሚኒባሶቹ ሥራ ከጀመሩ በኋላ ነው የገዘሩን የጠየቅሽኝ። ለእህትሽ ቡናማ ቀሚስ ሰፍተሽ ጨርሰሻል። «አንድ ቀን ብቻ፣ አይቻት ልምጣ» አልሽ። እኔ ምን አልኩሽ? ይራዘም። ከወር በኋላ ደግመሽ ጠየቅሽ። ይራዘም። ሦስተኛ አልጠየቅሽኝም። ገዘር እኮ ባሕር ማዶ አይደለም፤ ጠዋት ወጥተሽ ከሰዓት ትመለሺ ነበር።

በሩ ከተቆለፈ ዓመት እንደሞላ፣ መኪናሽ ላይ እንዳጎነበስሽ ቀረሽ። ደም ግፊት ነው አሉ። እህትሽ ከገዘር የመጣችው ለቀብርሽ ነው። በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ። አንገቴ ላይ ያለውን ቁልፍ አይታ አለፈች።

ከዚያ ወዲህ ምን ተማርኩ ብትይኝ፣ ምንም። ለማርታ ሽማግሌ ሲላክ «ከውድድሩ በኋላ» አልኩ። ሁለት ጊዜ ሥራ ሲገኝላት «ከውድድሩ በኋላ» አልኩ። ሰው ማስኩን ጥሎ፣ ኮሮናን ረስቶ፣ ለቅሶውንም ሠርጉንም እንደ ድሮው አድርጓል። ከአዘጋጆቹ አንድ መስመር አልመጣም። እኔ መስመሩን በኖራ አድሳለሁ፤ እሷም በየጠዋቱ ኳሷን ትመታለች። በግማሽ ጉልበቷ ነው የምትመታው። በሙሉ ጉልበቷ ብትመታው አጥሩን አልፎ ይሄዳል። የማላይ ይመስላታል። ጀርባዋ ከበሩ ሲጋጭ ማነው ያንኳኳው የሚል የለም።

ማክሰኞ ዕለት አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። አርባ ምንጭ ሕፃናትን ቴኒስ የምታስተምርበት ሥራ አግኝታለች። «ሰኞ መግባት አለብኝ፣ አባ። ካልሄድኩ ለሌላ ሰው ይሰጡታል» አለችኝ። አፌን ከፈትኩ። «ይራዘም» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ከትከሻዋ በላይ መደርደሪያው ይታየኛል፤ እዚያ ላይ የእህትሽ ቀሚስ አንቺ እንዳጠፍሽው ተቀምጧል። ቃሉ አልወጣልኝም። ሂጂም ግን አላልኳትም። ሦስት ቀን እሷ ትጠብቀኛለች፣ እኔ አንዴ መረቡን አንዴ ራኬቱን እነካካለሁ። ሻንጣዋን አልጋው ሥር አስገብታው እግሩ ይታያል። በዚህ ግቢ ውስጥ ሁለት ሰው እንደዚያ ተፋጦ ሦስት ቀን ሲውል መተንፈሻ እንደማይገኝ አንቺ ታውቂያለሽ።

ዛሬ አርብ ጠዋት የመኪናሽን መሳቢያ ከፍቼ ሜትርሽን አወጣሁ።

ሜትርሽ አንድ ሜትር ከሃምሳ ነው። በእንሰትሽ በኩል ካለው መስመር ጀምሬ፣ ተንበርክኬ፣ በኖራ ምልክት እያደረግሁ ለካሁ። በዚያ በኩል አንድ ጣት አልጨምርም፤ እንሰትሽን አልነካም። የጎደለው ሁሉ በበሩ በኩል መሆን አለበት። አሥራ አምስት ጊዜ ስዘረጋው በሩ ሥር ደረስኩ። ገና አንድ ሜትር ከሃያ ሰባት ይቀረኛል። ያንኑ ሃያ ሰባት ሳየው አንቺ ያደረግሽው መሰለኝ።

በሩን መክፈት ነበረብኝ። ገመዱን ከአንገቴ አወለቅሁ። ወጥቼ መንገዱ ላይ ተንበርክኬ የቀረውን ለካሁና ነጩን መስመር እዚያው አሰመርኩት። አንድ ባጃጅ መጥቶ ቆመ። «ጋሼ፣ መንገዱንም ሊያጥሩት ነው እንዴ?» አለኝ ሹፌሩ። «ዙረህ እለፍ» አልኩት። ዞሮ አለፈ።

ቀና ስል ማርታ በሩ ላይ ቆማለች። ሜትሩን አየች፣ መስመሩን አየች። «አባ፣ እግርህ ስንት ነው?» አለችኝ።

«ሃያ ሰባት ሳንቲም» አልኳት።

ሳቀች። ያንቺ ሳቅ ነው፣ አፍ ተይዞ በአፍንጫ የሚወጣው። «አውቃለሁ» አለች። ለካ እሷም ከአዋሳ ስትመለስ ጀምሮ ታውቅ ነበር። ከሦስታችን ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ያን ጊዜ «ሻንጣሽ እግሩ ይታያል፣ አውጪው» አልኳት። ከዚህ የተሻለ ምርቃት ከአፌ አልወጣም። በእኔ ፈንታ አንቺ የምትመርቂያት ይመስል ይህን ደብዳቤ ሳልሸፍን ጠረጴዛው ላይ እተወዋለሁ። ታንብበው።

ነገ ማለዳ መናኸሪያ አደርሳታለሁ። ከዚያ ወደ ቤት አልመለስም፤ የገዘሩን ሚኒባስ እሳፈራለሁ። ቀሚሱን ይዣለሁ። እህትሽ ፊቷን ብታዞርብኝም ደጇ ላይ ቁጭ እላለሁ፤ መቀመጥ እችልበታለሁ።

የማርታ እናት፣ ሁለት ጊዜ ጠይቀሽኝ ሁለት ጊዜ ይራዘም ማለቴን አልረሳም፤ በሰው ፊትም አላሳምረውም። ስድስት ዓመት ስሕተቴን በሜትርሽ ጠቅልለሽ፣ ለጎረቤት ሳትነግሪ መያዝሽንም አልረሳም። በሕይወት እስካለሁ መስመሩን በኖራ ሳድስ ገመዱን በወዲያ በኩል አንቺ እንደያዝሽልኝ እቆጥራለሁ።

የውድድሩን ደብዳቤ ከግድግዳው አላወረድኩትም። ተራዝሟል እንጂ ተሰርዟል አይልም፤ በዚህ አሁንም አልለወጥም። በሩን ግን አልቆለፍኩትም። የሜዳው መጨረሻ አሁን ውጭ ነው። ብቆልፈው ሜዳው ያጥራል።

የማርታ አባት