ሦስተኛው ጉርሻ

መጋቢት 30፣ ጠዋት

የግራ እግር ነጠላ ጫማዬ ዛሬም የለም። በዚህ ወር ሦስተኛው መሆኑ ነው። ቀኙን አትነካውም። ቺምፓንዚዋን ብርቄን በሽቦው በኩል ጠየቅኋት፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ተቀምጣበታለች፣ ጫፉ ይታያል። ደብተሬ፣ ምስክር ሁነኝ፦ ሰው ሁሉ በር ላይ ሁለት ሦስት መኪና በሚያቆምበት በዚህ የዓረብ አገር ሰፈር፣ በጃብሪያ፣ እኔ በአንድ እግር ጫማ እየዞርኩ ነው። ለአሠሪዬ ለማዳም አቤት ብል ትስቃለች። ለሰዓዳ ብነግራት «ቀኙንም ስጣትና ተገላገል» አለችኝ። የእህት ልጅ የሚያጽናናው እንዲህ ነው።

ጓሮው ታጥቧል። በረኪና አልቋል፣ ለማዳም ይነገር። ቁርስ፦ ስኳር ድንች፣ ኪያር፣ ቴምር። ወንዱ ቺምፓንዚ አለቃ ቴምሩን በልቶ ፍሬዎቹን መሬት ላይ በሰልፍ ደረደራቸው። ሥራ የፈታ ሽማግሌ።

ሚያዝያ 3

የሥራ ባልደረባዬ ራፊቅ አይመጣም። ቤቱ ያለው ጅሊብ ነው፣ ጅሊብ ደግሞ በወረርሽኙ ምክንያት በሽቦ ታጥሯል፤ መግባትም መውጣትም የለም። ደወለልኝ። አንድ ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ሆነን ነው ያለነው አለ። አለቃ ብቻውን ካንተ ክፍል የሚበልጥ ቤት አለው አልኩት። ሳቀ። ከሳቀ በኋላ ስልኩን ዘጋ። ያን ማለት አልነበረብኝም።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ብቻዬን ነኝ። ሦስት ቺምፓንዚ፣ አንድ ሽማግሌ አሳዳጊ።

አውሮፕላኑም ቀረ። በዚህ ወር አፍሪካ ወዳለው ትልቁ መጠለያ ሊሄዱ ነበር። ዛፍ ያለበት። ሣጥናቸው ተሠርቶ፣ ወረቀታቸው ታትሞ ነበር። ኤርፖርቱ ተዘጋ። አለቃን ሰላሳ ዓመት የቆየህበት አገር ገና አልጠገበህም አልኩት። አንገቱ ዙሪያ ሰንሰለት የበላው ጠባሳ አለ፣ እሱን አከከ። ብርቄ ከእንግዶች ፊት ሲጋራ ስታጨስ የኖረች ናት፤ ዛሬም ጭስ ስታይ እጇን ትዘረጋለች። ትንሿን ጩኒን ኤርፖርት ላይ ካርቶን ውስጥ አገኟት። ሦስቱንም ማዳም አመጣችና ከቪላዋ ጓሮ ቤት ሠራችላቸው።

እኔና የሰዓዳ እናት ያደግነው ዝንጀሮ ከማሽላ ላይ በወንጭፍ ስናባርር ነው። አባቴ ዛሬ ቢያየኝ ወንጭፉን ወደ እኔ ያዞረው ነበር።

ሚያዝያ 8፣ ከሰዓት

ዶ/ሩ መጣ። ግብፃዊው የእንስሳት ሐኪማችን። በሩ ላይ ቆሞ ሕግ አወጣ፦ ማስክ፣ ጓንት፣ ሁለት ሜትር፣ ምግብ በትሪ ከሥር ይገፋል፣ ማንም በእጁ አይሰጥም። የሰው ጉንፋን እነሱን ይገድላል አለ። ይህ አዲሱማ ምን እንደሚያደርጋቸው አላውቅም አለ። እሺ አልኩ።

እሺ ያልኩት ለሁለቱ ነው። ጩኒ በትሪ አትበላም። አንተ ታውቃለህ፣ አምና ጽፌልሃለሁ። ከካርቶኑ የወጣች ሰሞን ጡጦ ጣለች፣ ሙዝ ጣለች። በሦስተኛው ቀን የለሰለሰ ሩዝ ጠቅልዬ አጎረስኳት። ተፋችው። አንድ ጉርሻ ያጣላል አልኩና ደገምኩ። ያዘችውና መልሳ ተፋችው። በሦስተኛው «በሞቴ» አልኳት። አየችኝ። ዋጠች። ጣቴንም ያዘች። ከዚያ ወዲህ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው፤ ሁለት ትተፋለች፣ በሞቴ ስላት ትውጣለች፣ ከዚያ በኋላ ሳህኑን ብትሰጣት ትጨርሳለች። ዶ/ሩ ያኔ ስቆ ነበር።

ዛሬ ጓንት አድርጌ ሞከርኩ። ጓንቱን ነከሰችው። ማስኩን ስታይ ወደ አለቃ ጭን ሮጠች።

እሺ ብያለሁ። ግን ልጅ ናት።

ሚያዝያ 12

ማማ ከቢራ ዛሬም ከሰሰችን። የማዳም እናት፣ ቤቱ ውስጥ ሁሉም ትልቋ ማማ የሚላት። ክሱን ይዛ የመጣችው ሰዓዳ ናት፦ ጩኸታቸው ሶላቴን አበላሸ፣ ሽታቸው መጋረጃዬ ውስጥ ገባ፣ ያ ሐበሻ ካልጠፋ እኔ እጠፋለሁ። ላለፉት ሁለት ዓመታት በየሳምንቱ ልትጠፋ ነው።

ነገር ግን ደብተሬ፣ በየቀኑ ከሰዓት፣ የዐስር ሶላት ካለፈ በኋላ ፎቅ ላይ መስኮቷ ጋ ወንበር አለ። እዚያ ናት። ጩኒን ሳጎርስ መጋረጃው ይንቀሳቀሳል። ዛሬ ተንኮል አማረኝ። የጩኒን እጅ ይዤ ወደ ላይ አወዛወዝኩ፣ ሰላም በያት። መጋረጃው ጥርቅም አለ። ሰዓዳ ከኩሽና አየችኝና አጎቴ ሆይ፣ አንተ ሥራህን አጥተህ እኔንም ታሳጣኛለህ አለች። እየሳቀች ነው ያለችው።

ነገ እናያለን።

ሚያዝያ 13

መጋረጃው ተከፍቷል። አልኩህ!

ሚያዝያ 19

ረመዳን አራተኛ ቀኑ። ሙቀቱ ጀመረ። ጉሮሮዬን ከረከረኝ። የኤሲ ነው። ጩኒ ዛሬ ሦስተኛውን ዋጠችና ሄዳ የአለቃን አፍ ከፍታ የቀረውን ልታጎርሰው ሞከረች። ከኔ ነው የተማረችው። አለቃ አጎንብሶ ተቀበላት። ሰዓዳን ጠርቼ አሳየኋት። እንደሷ ያለ አክባሪ የእህት ልጅ አጣሁ አልኳት።

ሚያዝያ 23

የአለቃ አፍንጫ ፈሰሰ። ቴምሩን በላ፣ ፍሬዎቹን ግን አልደረደረም።

ሚያዝያ 24፣ 5 ሰዓት

ያስላል። ሰው ነው የሚመስለው። ድምፁን ስሰማ ከግቢው የገባ ሰው አለ ብዬ ዞርኩ።

ዶ/ሩን ጠራሁ። መጣ። መጀመሪያ አለቃን ሳይሆን እኔን አየኝ። ያምሃል ወይ? የለም አልኩ። በባዶ እጅህ አብልተሃል ወይ? የለም አልኩ። ሁለት ውሸት በአንድ ትንፋሽ፣ በጾም አፍ። ለእኔም ሚስሃ የሚሉትን የአፍንጫ ምርመራ አዘዘ። ጥጥ በተጠቀለለበት ቀጭን ዘንግ አፍንጫዬን እስከ ጭንቅላቴ ድረስ ቆፈሩኝ።

ሚያዝያ 26

አለቃ አይነሳም። ውሃ በስፖንጅ። ብርቄ ከጀርባው ተቀምጣ ጠጉሩን ትፈትሻለች። ጩኒን ዶ/ሩ ለይቶ ወደ ጎን ክፍል አስገባት። ቀኑን ሙሉ ጮኸች። ፎቅ ላይ መጋረጃው እንደተከፈተ ዋለ፣ ክስ ግን አልመጣም።

ሚያዝያ 28፣ ጠዋት

አለቃ ሞቷል።

ያገኘሁት ትሪው የሚገባበት በር ጋ ነው፣ ግንባሩን በሽቦው ላይ አስደግፎ። እየተሳበ ነው የመጣው ማለት ነው። ወደ ማን እንደሆነ አትጠይቀኝ።

ነጭ ፕላስቲክ የለበሱ ሁለት ሰዎች ወሰዱት። ማዳም ደረጃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ከሩቅ። አሁን ሁሉም ነገር ከሩቅ ነው።

ሲወጣ ብርቄ አልጮኸችም። ከጥግ ሄዳ የግራ ነጠላ ጫማዎቼን አመጣችና አንድ በአንድ በሽቦው ሥር ወደ ውጭ ገፋቻቸው። ሦስቱንም። ምን ማለቷ እንደሆነ አላውቅም። ጫማ ማድረግ ግን አልቻልኩም።

ሚያዝያ 29

የምርመራዬ ወረቀት መጣ። አለብኝ።

ወደ ኋላ ገለጥኩህ። ሚያዝያ 19፦ «ጉሮሮዬን ከረከረኝ። የኤሲ ነው።» በራሴ እጅ። ቀጥሎ ጩኒ አለቃን አጎረሰችው ይላል። ደስ ብሎኝ ነው የጻፍኩት፣ ፊደሉ ራሱ ይጨፍራል። ምስክር ሁነኝ ብዬህ ነበር፣ ሆንክልኝ።

ለዶ/ሩ ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት። እሱም፣ ጩኒንም ያሳደግካት በዚሁ እጅህ ነው አለ። ቢሰድበኝ ይሻል ነበር።

ግንቦት 2

ከዛሬ ጀምሮ ቀኑን ሙሉ ሐዝር ነው፤ ሰው ከቤቱ አይወጣም። እኔማ ከክፍሌም አልወጣም። ክፍሌ ከጓሮው ጥግ ናት፣ መስኮቴ ከሽቦው ፊት ለፊት። ትኩሳት አለ፣ ትንፋሽ ደህና ነው። ሰዓዳ ሾርባዬን ደፍ ላይ አስቀምጣ ሩቅ ቆማ «አጎቴ፣ ሳህንህ» ትላለች። በር አታንኳኳም፣ ማዳም ከልክላታለች።

ዶ/ሩ የሚኖርበት ሕንፃም ተዘጋ። በስልክ ብቻ። ብርቄ በትሪ ትበላለች፣ ትንሽ። ጩኒ ከጎን ክፍሉ ወጥታለች፤ ንጹህ ናት፣ ሳልም የላትም። ግን አትበላም።

ሰዓዳ ትሪውን በመጥረጊያ እንጨት ትገፋላታለች። መልሳ ትገፋዋለች። መስኮቱ ጋ ካየችኝ በሽቦው ላይ ወጥታ ትጮሃለች። ስለዚህ መጋረጃዬን ዘጋሁ። አሁን እኔም እንደ ማማ ከቢራ በመጋረጃ ቀዳዳ ነው የማየው።

ግንቦት 3

ሰዓዳን ለመንኳት። ማዳምን በስልክ አስፈቀድኩላት። ሁለት ጓንት፣ ሁለት ማስክ አድርጋ ሩዝ ጠቅልላ ቀረበች። ቆላ አድጋ ዝንጀሮ እህቷን ሲቧጥጣት ያየች ልጅ ናት። ጩኒ የመጀመሪያውን ተፋችው፣ ፊቷ ላይ። ሰዓዳ ጥላ ሮጠች። ከውጭ ቆማ አለቀሰች። ይቅር በለኝ አጎቴ፣ አልቻልኩም አለች። አንቺ ምን አደረግሽ አልኳት በመስኮቱ። ገና ሁለት ይቀርሽ ነበር እንጂ።

ልታስቀኝ ፈልጋ ማማ ከቢራም አድማ ላይ ናት አለችኝ። የልጅ ልጆቿ እንዳያስይዟት ሁለት ወር ብቻዋን ነው የምትበላው። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሳህኗ እንደሄደ ይመለሳል። ቤቱ ሁሉ በላተኛ አጣ።

አልሳቅኩም።

ግንቦት 4

ጩኒ ሳትበላ አምስተኛ ቀኗ። ውሃ ብቻ። ዛሬ አልጮኸችም። ያ ነው ያስፈራኝ። የአለቃ ቦታ ላይ ተጋድማ በሩን ታያለች። ዶ/ሩ ሌላ ሁለት ቀን ከዘለለች መርፌም አይመልሳትም አለ። እንዳትገባ፣ ከገባህ በራስህ እጅ ነው የምትገድላት አለ። ካልገባሁስ?

ስልኩን አስቀምጬ ወደ መጋረጃው ቀዳዳ ተመለስኩ።

ግንቦት 5፣ ከዐስር ሶላት በኋላ

ወሰንኩ። እገባለሁ።

ቀኑን ሙሉ አሰብኩበት። ከገባሁ ምናልባት ትታመማለች፣ ምናልባት ትድናለች። ካልገባሁ ምናልባት የሚባል ነገር የለም። ሦስት ማስክ አደርጋለሁ፣ እጄን በሳሙና እስኪላጥ ታጥቤያለሁ። ትንፋሼን ይዤ ሦስት ጉርሻ፣ ከዚያ እወጣለሁ። ሳልናገር አትውጥም፣ ለመናገር ደግሞ መተንፈስ አለብኝ። እዚያ ላይ ስደርስ ሐሳቤ ይቆማል። ለሰዓዳ አልነገርኳትም። ጥፋቱ ለብቻዬ ይሁን። የግራ ጫማዬን አደረግሁ፣ ከወር በኋላ ዛሬ ሁለቱም እግሬ ላይ ናቸው።

በር ተንኳኳ።

ሰዓዳ አታንኳኳም። ማዳም እዚህ ደርሳ አታውቅም። በዚህ ሐዝር ማን ይመጣል? እንዳትከፍት ብዬ ራሴን ገሠጽኩና በመስኮቱ ጥግ አየሁ።

ማማ ከቢራ ናት። ጥቁር ዓባያ፣ በእጇ የኩሽና ቢጫ ጓንት፣ ፊቷ ላይ ማስክ፣ ከዘራዋን በብብቷ ይዛ። ሳህን አለ፣ ሩዙ በሦስት ተጠቅልሏል። ደረጃውን ብቻዋን እንዴት እንደወረደች አላህ ያውቃል። ሰዓዳ ከኋላዋ ሩቅ ቆማ ሁለት እጇን ራሷ ላይ አድርጋለች።

መስኮቱን እንዳልከፍት በከዘራዋ አስጠነቀቀችኝ። ከመስታወቱ ማዶ ጮክ ብላ፣ ልክ ሠራተኛ እንደምትቆጣ፦

«አንተ ሐበሻ። አንደኛውን ትተፋለች፣ ሁለተኛውን ትተፋለች፣ ሦስተኛውን ትውጣለች። ዓመት ሙሉ አይቻለሁ። ግን በሦስተኛው አንድ ነገር ትላታለህ። እሱ እላይ ድረስ አይሰማኝም። ምንድን ነው የምትላት?»

ደብተሬ፣ ቆየኝ። በሞቴ የሚለውን በዓረብኛ አላውቀውም። በአማርኛው እንዳለ ላስተምራት።