ያልተከፈተው የቫይታሚን ብልቃጥ

ለልጄ ለመርዋ ሱሌማን፤ ጅዳ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ልጄ፣ ሰውነትሽ እንዴት ነው? ሥራው አልከበደሽም? ሙቀቱስ ጋብ አለ? ባልሽ ሙከሚልና ትንሿ ጀናት ደኅና ናቸው? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ቆሜ እሄዳለሁ። እዚህ ዝናቡ አልፎ ቡና ለቀማ ላይ ነን።

ይህን በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬ፣ ድምፅሽን ስሰማ ወሬ እየቀየርኩ ዘጋሁት። ስለዚህ ጽፌ ወደዚያ በሚመለሰው በጎረቤታችን በኢክረማ እጅ ልኬዋለሁ።

ለእናትሽ ለከዲጃ የላክሽውን ቫይታሚን ኢ አልዋጠችውም። በየቀኑ ትወስዳለች ያልኩሽ ውሸት ነበር። የመጣ ዕለት ብልቃጡን ወደ ብርሃን ይዛ፣ "መርዋ የሶር ወንዝ ዓሣ እንቁላል ላከችልኝ እንዴ?" ብላ ስቃ ነበር። እኔ ግን የእንክብሉ ሽፋን ከአሳማ የተሠራ ይሆናል ብዬ ተጠራጠርኩ። ሼሁን ሳልጠይቅ እንዳትነኪው አልኳትና መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ጁምዓ ደረሰ፣ ሼሁ በሰው ተከበው ነበር፤ ለሚቀጥለው አልኩ። እንዲህ እያልኩ አራት ጁምዓ አለፈ። በአምስተኛው ሳምንት ማክሰኞ፣ ልብስ እያጠበች ሳለ አፏ ተጣመመ፤ ቀኝ እጇም አልታዘዝ አላት። በባጃጅ ሆስፒታል አደረስናት፤ ስትሮክ ነው አሉን። የቀረውን ታውቂዋለሽ።

ከቀብሩ በኋላ ያ ብልቃጥ ያየኝ ጀመር። ለሱብሂ፣ ለንጋቱ ሶላት ስነሳ ቀድሞ የሚታየኝ እሱ ነው። ሱጁድ ላይ ግንባሬን መሬት አስነክቼ እንኳ ከኋላዬ የቆመ ይመስለኛል። ባልጠራጠር ኖሮ ትድን ነበር እያልኩ ስድስት ወር ቆየሁ። በመጨረሻ ይዤው ጤና መኮንኗ ዲሪቤ ዘንድ ሄድኩ። አስቀምጣ አስረዳችኝ። በስትሮክ ጊዜ አንጎል ደም ሲያጣ፣ ኋላም ደሙ ሲመለስ፣ ብረትን እንደሚበላ ዝገት ያለ ነገር ተነስቶ ይጎዳዋል አለች። እነዚህ ቫይታሚኖች ያን ያበርዳሉ ተብሎ ብዙ ተሞክሯል፤ በሽተኛውን ማዳናቸው ግን አልተረጋገጠም። "ጋሽ ሱሌማን፣ በዚህ ራስዎን አይብሉ። ይልቅ የደም ግፊት ክኒኗን በደንብ ትወስድ ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ። አንድ ቀን አታጓድልም አልኳት። ቀለል ብሎኝ ወጣሁ።

ይህንኑ ለእናትሽ ጓደኛ ለሁሪያ ነገርኳት፤ እፎይ ትላለች ብዬ።  እሷ ግን፣ "ጋሼ፣ ክኒኑን እኮ ትታው ነበር" አለችኝ። የግፊቱም ክኒን የሚያብለጨልጭ ሽፋን ነበረው። እናትሽ፣ "ሱሌማን ያንን ከጠረጠረ ይሄስ በምን ይለያል? ሼሁን ይጠይቅና ሁለቱንም አንድ ላይ እጀምራለሁ" ብላት ኖሯል። ቤት ገብቼ ብልቃጡን ሳነሳ፣ የክኒኑ እሽግ ከኋላው አለ። የአራት ሳምንቱ አልተነካም። ለእኔ ምንም አላለችኝም። እየጠበቀችኝ ነበር።

በማግስቱ ሼሁን ጠየቅኳቸው። ጥያቄው አንድ ትንፋሽ አልፈጀም። አርጅተዋል፣ መሞቷን ዘንግተው፣ "የሐኪም መድኃኒቷንማ ትዋጥ እንጂ" አሉኝ።

ልጄ፣ አላህን በየሶላቱ እለምነዋለሁ፤ አንቺን ግን የምለምንሽ በዚህ ወረቀት ነው። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ። ባይሆንልሽም አልቀየምሽም። ብልቃጡን መጣል አልቻልኩም፤ ከክኒኑ ጋር እዚያው አለ።

ለሙከሚል ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ጀናትን ጉንጯን ሳሚልኝ። ሁሪያና ልጆቿ ናፍቀውሻል። አንቺም ግፊትሽን ተለኪ። የሚያጠራጥርሽ ነገር ካለ ጁምዓን አትጠብቂ፤ በዕለቱ ጠይቂ።

አባትሽ ሱሌማን
መቱ፤ ኅዳር 12 ቀን 2012 ዓ.ም.