የንስሩ ጀብዱ

ጥቅምት 4

ጠዋት ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ስገባ አዲስ መዝገብ ጠረጴዛዬ ላይ ተጥሎ አገኘሁ። አዲስ ስል ለእኔ ነው፤ አቧራው ያስነጥሳል። አንድ አናጢ በገዛ መሮው ተገድሎ፣ አብሮት ይሠራ የነበረው ቀለም ቀቢ ዕድሜ ልክ ተፈርዶበታል። አሁን እህቱ "ወንድሜ አልገደለም፤ እንደገና ይታይልኝ" ብላ አመልክታለች። አለቃችን ሻዩን እያማሰለ፣ "አንብቢና ዝጊው" አለኝ። ሳይነበብ የተወሰነ ነገር እንዴት እንደሚነበብ እሱ ያውቃል…

የመርማሪውን ስም አየሁ። አማቴ።

"የባሌ አባት ነው፤ እኔ ልይዘው አይገባም" አልኩት።

"ኧረ እንዲያውም ደስ ይበልሽ! ንስሩ የያዘው ጉዳይ ምን ስህተት ይገኝበታል?"

ንስሩ። ጡረታ ከወጣ በኋላም በዚሁ ይጠሩታል። ዓይኑን ሞራ ጋርዶት በግድግዳ ተደግፎ መጸዳጃ ቤት የሚሄድ ንስር!

ጥቅምት 6

አነበብኩት። ማስረጃ የሚባለው አንድ ነው። ተከሳሹ "በራሱ ፈቃድ፣ ፖሊሶችን ከፊት ከፊት እየመራ" ሄዶ፣ ከአናጢው ሱቅ ጀርባ ካለው ቦይ ውስጥ መሮውን አሳይቷል። ቦታውን የሚያውቅ ገዳዩ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ገዳዩ እሱ ነው። ዳኞቹ ይህንኑ ቃል በቃል ገልብጠው ፈረዱ። መገልበጥ ይችሉበታል።

ጥቅምት 9

እሁድ። የባሌ እህት ከነባሏ ምሳ እኛ ጋ። አማቴ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከእኛ ጋር ነው የሚኖረው፤ ማለትም እኔ ሳበስል እሱ ጨው አነሰው ይላል።

ገና ሳህን ሳይነሳ የባሌ እህት፣ "አባዬ፣ እስቲ የመሮዋን ንገረን።"

መለመን ይወዳል። አፉን ጠረገ።

"መራ ይባላል እንጂ ምን ይመራል! እግሩ አብጦ፣ ዱባ አክሎ! መርገጥ ሲያቅተው ጊዜ አሳዘነኝና ልጆቹን 'አንሱት' አልኳቸው። እንደ ሙሽራ ተሸክመን ወሰድነው!"

ሳቅ። የባሌ እህት ዕንባዋ እስኪመጣ።

"አባዬ እኮ ሲበዛ ሩህሩህ ነው" አለ ባሌ።

"እግሩ በምን አበጠ?" አልኩ።

አማቴ ጉርሻውን አላምጦ፣ "ጫማ ጠቦት!"

እንደገና ሳቅ። ይህን ወሬ ስንቴ ሰምቼዋለሁ… የማን እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር። ተነስቼ ሳህን ማጠብ ጀመርኩ።

ጥቅምት 12

እስር ቤት ሄድኩ። ቀለም ቀቢው ፊቴን እንኳ አላየም።

"አንቺ ደግሞ ምን ልትጽፊ መጣሽ?"

"በእግርህ ሄደህ ነው ያሳየሃቸው?"

"ለዳኛው ነግሬዋለሁ። 'የጠየቅንህ ስለ መሮው ነው፣ እግርህን ማን ጠየቀህ?' አለኝ። ቁጭ አልኩ።"

መዝገቡ ላይ ይህ የለም። ጸሐፊውም ስለ እግር አልተጠየቀም መሰለኝ።

ስነሳ፣ "እህቴ ታማለች" አለኝ። "ከእሷ በኋላ ከሆነ የምታስወጡኝ፣ ተዉት። ማን ጋ እሄዳለሁ?"

ጥቅምት 13

ዝምድናዬን በጽሑፍ አሳውቄ መዝገቡን ለባልደረባዬ አስረከብኩ። ከአንድ ሐሳብ ጋር… መርማሪው ራሱ ቀርቦ ይመስክር።

አለቃችን ፊቱ ተለዋወጠ። "ቤትሽን በገዛ እጅሽ ልታፈርሺ ነው?"

"ቤቱ ኪራይ ነው" አልኩት።

ኅዳር 3

መጥሪያው ደረሰ። ባሌ ደጋግሞ አነበበው፤ አየኝ፤ አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ፈሪ። አባቱ ላይም እኔ ላይም አፉን የማይከፍት ፈሪ።

አማቴማ ሠርግ የተጠራ ነው የሚመስለው። ሱፉን አስተኮሰ፤ ሜዳሊያውን በጥርስ ሳሙና ፈተገ።

"ሙሽሪት፣ አንቺ የሕግ ሰው ነሽ። ምን ብዬ ልናገር?"

"እቤት እንደሚያወሩት ያውሩት፣ አባባ። ምንም ሳይቀንሱ።"

"አየህ!" አለው ልጁን። "ሰው የምታውቅ ሚስት!"

ማስጠንቀቅ ነበረብኝ? … ቀለም ቀቢውንስ ማን አስጠነቀቀው?

ኅዳር 8

ችሎት ገብቼ ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። አማቴ ተናገረ። ዱባውን፣ ሙሽራውን፣ አንድም ሳያስቀር። ማሳቂያው ጋ ሲደርስ እንደ ልማዱ ቆም ብሎ ጠበቀ። የሳቀ የለም።

የመሐል ዳኛዋ መነጽሯን አወለቀች። "እሱን ተሸክማችሁት ከነበረ፣ መንገዱን ማን መራ?"

"እኔ ነኛ!"

"እርስዎ መሮው ያለበትን በምን አወቁ?"

"የሱቁ ዘበኛ ቀድሞ አሳይቶኝ የለ እንዴ! እሱን ያመጣነው ለወጉ ነው።"

ለወጉ። አንድ ሰው ለወጉ አረጀ።

ቀለም ቀቢው እስከዚያ ድረስ አቀርቅሮ ነበር። ቀና አለ።

ስንወጣ አማቴ ክንዴን ይዞ፣ "አነጋገሬ እንዴት ነበር?"

"ግልጽ ነበር፣ አባባ።"

ባሌ ደረጃው ላይ አፉ ተከፈተለት። "አባቴን አረድሽው!"

"ተናገር ነው የተባለው። ዋሽ ያለው የለም፤ አልዋሸም።"

ኅዳር 23

ፍርዱ ተሻረ። አለቃችን ለጋዜጠኞች፣ "መሥሪያ ቤታችን ከጅምሩ ጥርጣሬ ነበረው" አለ። ኬክ አስመጣ። በልቶ እጁን በወረቀት ሲጠርግ አየሁት… ወረቀቱ የምን እንደሆነ ልጠይቅ ብዬ ተውኩት።

ኅዳር 24

ወጣ። በሩ ላይ ነበርኩ፤ ለምን እንደሄድኩ እንጃ። እህቱ መቆም አቅቷት ታክሲ ውስጥ ተቀምጣ ነበር። ሲያጎነብስላት በቦርሳዋ ትከሻውን መታችው። "ምን ይገትርሃል? ግባ እንጂ! ቆጣሪው እየሄደ ነው!" ከዚያ ጭንቅላቱን ይዛ አልለቅ አለች።

ከመግባቱ በፊት ወደ እኔ ዞረ።

"የመርማሪው ልጅ ሚስት ነሽ አሉ።"

"ነኝ።"

ከላይ እስከ ታች አየኝ። "እግዜር ያውጣሽ" አለኝ።

ቤት ገባሁ። ባሌ ከችሎቱ ማግሥት ጀምሮ እህቱ ጋ ነው፤ ያረድኩትን አባቱን ግን ለእኔ ትቶልኛል። እህቱም ክፍል ጠበበን ብላለች። እሁድ የመጣ እንግዳ የለም።

አማቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ሱፉን አላወለቀም።

"ዛሬ ተፈታ፣ አባባ።"

"ማን?"

ስሙን ነገርኩት። ከነአባቱ።

ግንባሩን ቋጥሮ አሰበ። ከልቡ ነው ያሰበው።

"እሱ ደግሞ ማነው?"