በእርሳስ የተጻፈ ቀን

በመርከብ ላይ ላለኸው ልጄ፣ እንደምን ከርመሃል? እኔ ከወንድምህ ሐዘን ወዲህ ቀስ እያልኩም ቢሆን ቆሜ እሄዳለሁ፤ ስለ እኔ አታስብ።

የእንግሊዝኛ ትምህርቴን አልተውኩም። መምህርቷ፣ ቀንና ሰዓት የተቆረጠለት ነገር ገና የሚመጣ ቢሆንም ዘወትር እንደሚሆን ተደርጎ ይጻፋል አለችን፤ ከቀኑ በፊት «ኦን»፣ ከሰዓቱ በፊት «አት» እየገባ። ምሳሌ ስትጠይቀን «የልጄ መርከብ በወሩ አሥራ አምስት፣ በዘጠኝ ሰዓት ይደርሳል» ብዬ ጻፍኩ። አጠገቤ የምትቀመጠው ልብስ ሰፊ «ታድለሽ፣ የኔ ባል ለምሳ የሚመጣበት ሰዓት እንኳ አይታወቅም» ብላ አሳቀችን።

አሥራ አምስት ካለፈ ሦስት ሳምንት ሆነው። ወደብ ቢሮ ስሄድ ጸሐፊው «እማማ፣ ትንሽ ዘግይቶ ነው» ይለኛል። የወንድምህ መርከብ የቀረ ጊዜም ያለኝ ይህንኑ ነበር፤ ትሑት ሰው ነው። አልጋህን አንጥፌዋለሁ።

መምህርቷ ሌላ ምሳሌ እንድጽፍ ብትነግረኝ፣ ይሄው ይበቃኛል አልኳት። አዲስ ገጽ ላይ በእስክሪብቶ ገለበጥኩት፤ ቀኑን ብቻ በእርሳስ አደረግሁት። በየሳምንቱ እያጠፋሁ የሚመጣውን ሳምንት ቀን እጽፍበታለሁ።

በሰላም ያገናኘን፣ ልጄ። ስትመጣ ላጲስ ይዘህልኝ ና፤ የኔው ሊያልቅ ነው።

እናትህ