የወይዘሮ ሥርጉት ገብረሰንበት የሕይወት ታሪክ፣ ከሃያ ሰባቱ ሸክላዎች ጋር

ወይዘሮ ሥርጉት ከአባታቸው ከቄስ ገብረሰንበት ያረጋልና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ ማርያም ጥቅምት 12 ቀን 1951 ዓ.ም. ከቡሬ ከተማ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ በሚርቅ የገጠር መንደር ተወለዱ። የክርስትና ስማቸው ወለተ ኢየሱስ ነው።

እስከ ስድስተኛ ክፍል ቡሬ ከተማሩ በኋላ በ1964 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም አክስታቸው ዘንድ ተቀምጠው ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ሒሳብ ያስተምሯቸው የነበሩት ሚስስ ኮሺ የተባሉ ህንዳዊት ነበሩ። እናታችን ቁጥሩን ትተው የመምህርቷን ተጠምጥሞ የሚለበስ ሳሪ ጠርዝ ደብተራቸው ላይ ሲስሉ ተያዙ። ይገረፋሉ ብሎ ክፍሉ ሲጠብቅ፣ ሚስስ ኮሺ ቤታቸው ወስደው የልብስ ሻንጣቸውን ከፈቱላቸው። በእንጨት ማኅተም አበባ የታተመበት ጥጥ፣ ዳሩን የማንጎ ፍሬ የሚመስል ቅርጽ የዞረው ሐር፣ አሮጌ ጨርቅ ተደራርቦ በጥቃቅን ስፌት የተያያዘበት የአልጋ ልብስ ነበረበት። እናታችን ያንን ሁሉ ሣሉት፤ ደብተሩ አልቆ ሌላ ተገዛ።

በ1970 ዓ.ም. የጤና ረዳት ከነበሩት ከአቶ ገነነ አድገህ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ቡሬ ኖሩ። እኔን ያምሮትንና ወንድሜን ቴዎድሮስን ወለዱ።

በ1979 ዓ.ም. ከከተማው ዳር ከሚኖሩ እህተ ማርያም ከሚባሉ ሸክላ ሠሪ ዘንድ እየሄዱ ሙያውን መማር ጀመሩ። እህተ ማርያምን ሰው ዕቃቸውን ይገዛል እንጂ ቤቱ አያስገባም፤ ቡዳ ናቸው እያለ ይሸሻቸዋል። የቄስ ልጅ እዚያ ጭቃ ስታቦካ መዋሏ ገበያውን አነጋገረ። አባታችን አቶ ገነነ ግን፣ “እጇ የወደደውን ትሥራ” አሉ፤ በዚያው አበቃ።

እናታችን ጭቃውን እንደ ገመድ እያሾሩ፣ አንዱን በአንዱ ላይ እየደረቡ የአበባ ማስቀመጫና ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሳህን ሠሩ። አንዳንዱን እንደ ሊጥ ዳምጠው እንደ ሳሪ እጥፋት አጠፉት። ከወይራ በጠረቡት ማኅተም አበባውን አተሙበት፤ ስፌቱን በእሾህ ጫፍ ወጉት፤ በቀይና በነጭ አፈር ቀለም ሰጡት። ይህን የመሰለ ሸክላ በአካባቢያችን ታይቶ አያውቅም ነበር።

አባታችን በ1994 ዓ.ም. አረፉ። ከዚህ በኋላ የማነሣው ሰው የአባታችን ታላቅ ወንድም ላቀው አድገህ ነው። በዕድሜ ታላቄ ነው፤ አንቱ ግን አልለውም፤ ቀባሪውም ይህን ይወቅልኝ።

በግንቦት 1996 ዓ.ም. እናታችን ባህር ዳር ለሚከፈት ዐውደ ርእይ ሃያ ሰባት ሸክላ አዘጋጅተው ነበር። የሁለት ዓመት ሥራ ነው። ላቀው ረፋዱ ላይ ዱላውን ይዞ ገባ። “የወንድሜ ቤት የቡዳ ቤት አይባልም!” እያለ በግቢው የተደረደሩትን ሃያ አምስቱን አንድ በአንድ ሰበራቸው። እናታችን በር ላይ ቆመው ያዩት ነበር፤ አላለቀሱም።

“ጨረስክ?” አሉት። “አልጋው ሥር ሁለት ቀርተውሃል።”

ገብቶ ሁለቱንም ሰበረ።

ሽማግሌ ተላከበት። “ለጭቃ ብዬ ሽማግሌ ፊት አልቀመጥም” ብሎ መለሳቸው። እናታችን ስብርባሪውን በጆንያ ሰብስበው፣ ወቅጠው፣ ከአዲስ ጭቃ ጋር ለወሱት። ከዚያ በሠሩት የመጀመሪያ ማስቀመጫ ቂጥ ላይ፣ ጭቃው እርጥብ ሳለ፣ “ሃያ ሰባቱን የሰበረ ላቀው አድገህ” ብለው ጻፉና ተኮሱት። ከዚያ ወዲህ ከእጃቸው የወጣ ሸክላ ሁሉ ይኸው ጽሑፍ አለበት። ከአራት መቶ በላይ ናቸው። ባህር ዳር ሆቴል ውስጥ አሉ፤ አዲስ አበባ አሉ፤ ህንድ አገር የደረሱም አሉ።

በ2009 ዓ.ም. ላቀው ልጁን ሲድር የሙሽራው ወገኖች ከፍኖተ ሰላም የገዙትን ያማረ ማስቀመጫ በስጦታ አቀረቡ፤ የማን ሥራ እንደሆነ አላወቁም። አንድ አዛውንት ገልብጠው አዩትና ድንኳን ሙሉ ሰው እየሰማ አነበቡት። “አንቱ ላቀው፣ ይሄ ያንቱ ስም አይደለም? ምኑን ነው የሰበሩት?” ብለው ጠየቁት።

ያኔ ለጭቃ ሽማግሌ የማይቀመጠው ሰው ራሱ ሽማግሌ ላከ፤ ጽሑፉ ይቅርልኝ አለ። እናታችን፣ “ሃያ ሰባቱን መልሶ ያምጣልኝና አቆማለሁ” አሉ። ሽማግሌዎቹ ቆባቸውን አንሥተው ወጡ።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ፍኖተ ሰላምና ባህር ዳር ሲታከሙ ቆዩ። የንስሐ አባታቸው ቄስ ሃይለ ሚካኤል መጥተው፣ “ወለተ ኢየሱስ፣ ቂም ይዘሽ አትሂጂ” አሏቸው። እናታችንም፣ “አባቴ፣ እኔስ ይቅር ብዬዋለሁ። ሸክላው ግን ተተኩሷል፤ ምን ላድርገው?” ብለው መለሱ። እኔ ይቅር እንድል የጠየቀኝ የለም።

የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ66 ዓመታቸው አረፉ። ትናንት ላቀው ከበር ቆሞ ቃሬዛውን ከሚሸከሙት ጋር ልግባ አለ። ቴዎድሮስ፣ “ከኋላ ተከተል” አለው። እነሆ ከኋላ ቆሟል፤ መዞር ለሚፈልግ ይታያል።

ወይዘሮ ሥርጉት ሁለት ልጆችና አምስት የልጅ ልጆች ትተዋል። እህተ ማርያም ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ከቤተሰቡ ወንበር መካከል እንዲቀመጡ አድርገናል።

ያጽናናችሁንን ሁሉ እግዚአብሔር ያክብርልን። የእናታችንን ነፍስ ከደጋጎቹ ማረፊያ ያግባልን። ለላቀውም ረጅም ዕድሜ ይስጠው፤ የእናታችን ሸክላ ያለበት ብዙ ቤት ይጋበዝ።