ላብሽ ሳይደርቅ

እህት ዓለም፣

ናፍቆቴ ካለሽበት ይድረስሽና፣ እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። እማዬም ትበላለች፣ ትተኛለች።

ቅዳሜ ስለ ዳንስ የተሠራ ሙዚቃዊ ቲያትር አይተን መጣን። የእማዬን የዳንስ አስተማሪነት አመል ታውቂዋለሽ፤ "ትከሻሽን ልቀቂው" ብላ ከወንበሯ ትጮሃለች ብዬ ስሳቀቅ፣ እንባዋን ታወርደው ጀመር። እኔም አላስቻለኝም። መድረኩ ላይ ያለችው ልጅ፣ ጸጉሯን እንዳንቺ ወደ ላይ ጠቅልላ ያሰረችው፣ ቤቷን ትታ ስትሄድ፣ ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ትደንሳለች።

ሲያልቅ እማዬ ወደ ቤት አልሄድም አለች። ሹራቧን አውልቃ የተዋንያኑ መውጫ በር ላይ ቆመች። "ላቧ ሳይደርቅ ከወጣች ብርድ ይመታታል" ትላለች፤ አንቺ ደንሰሽ ስትወጪ ትል እንደነበረው። ልጅቷ ብቅ ስትል አለበሰቻት። ልጅቷም ምን እንደገባት እንጃ፣ እማዬን ጉንጯን ስማ ሹራቡን እንደለበሰች ሄደች። አንቺ የላክሽላት ሹራብ ነው፤ አትቀየሚ።

ታክሲ ውስጥ "ታዲያ እህትሽ አብራን ለምን አልመጣችም?" አለችኝ። ሥራ አለባት አልኳት።

ለእረፍትሽ ትመጪ የለ? ተቆረጥኩት ያልሽውን ጸጉር እስከዚያ አሳድጊው። ስትመጪም እንደ ድሮው ወደ ላይ ጠቅልለሽ አስረሽው ግቢ። እማዬ አጭር ጸጉር አትወድም።

ሰላምሽ ይብዛልኝ።

ታላቅሽ