ኮፈኗ ሳይከፈት ላለፈችው ፔጆዬ የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለተከበሩ የተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያችን ኃላፊ
ድሬዳዋ

ከሁሉ አስቀድሜ፣ በዚህ ሙቀት እርስዎም፣ ባልደረቦችዎም፣ የቢሮዎ ማራገቢያም በመልካም ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ አላህ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከሐፍረት በቀር የሚያመኝ የለም። በአደባባይ የምጽፍልዎ ከሦስት ሳምንት በፊት አሮጊቷን ፔጆዬን ያለ አንዳች እንከን ስላሳለፉልኝ ምስጋናዬም በአደባባይ መሆን ስላለበት ነው።

፩ኛ፦ ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። ጡሩምባዋን አስነፍተው፣ መብራቷን አስበርተው፣ የእሳት ማጥፊያዋን ቀይ ቀለም አድንቀው ፈረሙልኝ። ኮፈኗን ክፈት ብለው አላስቸገሩኝም።

፪ኛ፦ ስለ እምነትዎ አመሰግናለሁ፤ ምክንያቱም ከኮፈኗ ሥር ያለውን እኔ አውቅ ነበር። መካኒኬ ዱዓሌ ከሁለት ወር በፊት የሞተሯ ዘይት የወተት ሻይ መምሰሉን አሳይቶኛል። በሞተሩ ክዳን በቴስታታውና በሞተሩ መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተቃጥሎ ውሃው ግማሹ ከዘይት እየተቀላቀለ፣ ግማሹ በጭስ ማውጫው እየተነነ እንደሆነ፣ ሳይቀየር ሩቅ መንገድ እንዳልወጣባት አስጠንቅቆኛል። ጥፋቱም የራሴ ነበር፤ የሞተር ማቀዝቀዣውን ኩላንት በመግዛት ፈንታ ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ሞልቼባታለሁ። የከተማችን ውሃ ማንቆርቆሪያ ሥር ምን እንደሚጋግር እያየሁ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ያንኑ ነጭ ድንጋይ በገዛ እጄ ራዲያተሯ ውስጥ ጋገርኩት። ከዚያም ምርመራው እስኪያልፍ ብዬ ነገሩን ዋጥ አደረግሁት፤ አጥቤ፣ ውሃ እስከ አፏ ሞልቼ፣ ሞተሯ ሳይሞቅ ገና በማለዳው ደጅዎ ላይ አቆምኳት። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

፫ኛ፦ ስለ ማለፊያ ምልክትዎ ኃይል አመሰግናለሁ። ባለፈው ሐሙስ ጎረቤቴ ቱሪያ ከከተማ ውጭ፣ ሁርሶ እናቷ ቤት ሳለች ምጥ ያዛት። ባለ ባጃጆቹ እምቢ ብለዋቸው ስልክ ሲደወልልኝ፣ ይቺ መኪና ትችላለች ወይ ብዬ ለአፍታ አመነታሁ፤ መስታወቱ ላይ የለጠፉልኝን ምልክት አየሁና ሄድኩ። ቱሪያንና እናቷን ጭኜ ስመለስ በእኩለ ቀን ፀሐይ፣ ግማሽ መንገድ ሳንደርስ የሙቀት መለኪያው ቀዩን አለፈ፣ እንፋሎቱ ፊታችንን ሸፈነው፣ ሞተሯም ቆመ። ለቱሪያ መጠጫ የተያዘውን አንድ ጀሪካን ውሃ እናቷን ወይዘሮ ናሲሞን ለመንኳቸው፤ ሳያመነቱ ሰጡኝ። የማይጠቅም መሆኑን እያወቅሁ ሞላሁት፤ ነጭ ጭስ ሆኖ ወጣ። ቱሪያ ከንፈሯ ደርቆ ውሃ ስትጠይቅ የሚሰጣት አልነበረም።

ወደ ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ አንስቷት፣ ሆስፒታሉ በር ላይ በጆንያዎቹ መካከል ወንድ ልጅ ተገላገለች። ሁለቱም ደህና ናቸው፤ ይህ የእርስዎም የእኔም ሥራ አይደለም።

ከዚህ የባሰው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ቤተሰቡ መኪናዋ ድንገት የከዳችኝ መስሏቸው፣ ባለ ባጃጆቹ እምቢ ሲሉ የደረሰ ደግ ሰው ብለው፣ የፊታችን ረቡዕ በስም ማውጫው ድግስ፣ በዐቂቃው፣ ሕፃኑን በእኔ ስም ኸባብ ሊሉት ወስነዋል። ወይዘሮ ናሲሞ ባገኙኝ ቁጥር ይመርቁኛል፤ እኔም መሬት መሬት እያየሁ አሜን እላለሁ። አፍሬአለሁ፣ ክቡር ኃላፊ። እርስዎ ሳያዩ አሳለፉ፤ እኔ ግን አይቼ ነው ያሳለፍኩት። ስለዚህ የሰጡኝን ማለፊያ እንዲሰርዙልኝ በትሕትና እለምናለሁ፤ የራሴን ጉዳይ ደግሞ ከባለቤቶቹ ከእነ ቱሪያ ጋር እጨርሳለሁ።

ብረት ሳይነካ የብረትን ጤና ለሚያውቀው ዓይንዎ ካለኝ ጥልቅ አድናቆት ጋር፣

ኸባብ ዐብዱሰላም
መኪናዋ ያለፈችለት፣ እሱ ግን የወደቀ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ በርዎ ላይ ከመለጠፌ በፊት ዛሬ ጧት ለቱሪያና ለወይዘሮ ናሲሞ አነበብኩላቸው። ወይዘሮ ናሲሞ ሕፃኑን ከእቅፌ ወሰዱት። ስሙ አብዲራህማን እንዲሆን ተወስኗል። ከዐቂቃው ግን አልተባረርኩም፤ በእግሬ እንድመጣ ታዝዣለሁ። እርስዎንም ጋብዘዋል፤ ሕፃኑ ጤናማ ነው ከማለትዎ በፊት ግን እባክዎ አንድ ጊዜ ገልጠው ይዩት።